ፍሬምናጦስ ከጵጵስናው በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶችና ምእመናን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሐምሌ 26 ቀን የመጀመሪያውን ጳጳሷን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን በዓለ ዕረፍት ታከብራለች። ስሙ ሲነሣ በአብዛኞቻችን ኅሊና የሚሣለው መስቀል የጨበጠ ጳጳስ ነው። ይሁን እንጂ ፍሬምናጦስ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት በአክሱም ብዙ ዓመታት የኖረው ሥልጣነ ክህነት ሳይኖረው ነው። «ስብከት የካህናት ሥራ ነው፤ እኔን አይመለከተኝም» ለምንል ሰዎች ትልቅ ትምህርት የሚሰጠን ያ ዘመን ነው።

ታሪኩን ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ከፍሬምናጦስ ወንድም ከኤዴስዮስ አንደበት ሰምቶ ጽፎታል። ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሁለቱን ብላቴኖች ዘመዶቹን ይዞ በባሕር ተጓዘ። በመመለሻቸው መርከቧ ውኃና ስንቅ ለመያዝ ወደብ ላይ ቆመች። በዚያ ጊዜ የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ስለነበር በመርከቧ ያሉትን ገደሏቸው። ሁለቱ ብላቴኖች ግን ከዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ስለ ልጅነታቸው ታዘነላቸውና ወደ ንጉሡ ተወሰዱ።

ንጉሡ ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስን ደግሞ የግምጃ ቤቱና የጽሕፈቱ ኃላፊ አደረገው። ሊሞት ሲልም ነጻነታቸውን ሰጣቸው። ወደ ሀገራቸው ሊሄዱ ሲሉ ግን ንግሥቲቱ፣ ሕፃኑ ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ለመነቻቸው፤ እነርሱም ቀሩ። ወገኖቻቸው በተገደሉበት ምድር ቂም ሳይዙ በታማኝነት አገለገሉ።

ክርስትና ለምድራችን ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ በዲያቆኑ ፊልጶስ እጅ መጠመቁ ተጽፏል (የሐዋ. 8፥26-40)። በፍሬምናጦስ ዘመን ግን ጳጳስ አልነበረም። ፍሬምናጦስ ታዲያ ምን አደረገ? በመጀመሪያ ለንግድ ከሚመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያኖችን ፈለገ። በየአካባቢው ለጸሎት የሚሰበሰቡበት ስፍራ እንዲያዘጋጁ አበረታታቸው፤ ቦታ ሰጣቸው፤ የሚያስፈልጋቸውን አሟላላቸው። ራሱም በዚህ ሥራ ከሁሉ ይቀድም ነበር። በዚህ መንገድ የክርስትና ዘር በሀገሬው መካከል በቀለ።

ልብ እንበል። ፍሬምናጦስ የጀመረው ለብቻው ተበትኖ የነበረውን ክርስቲያን ፈልጎ በመሰብሰብ ነው። ሰዎችም ያመኑት አስቀድመው በሥራው የሚያውቁትን ሰው ነው። የግምጃ ቤቱን ሒሳብ የሚያጓድል ቢሆን ኖሮ፣ ስለ እግዚአብሔር የሚናገረውን ማን ይሰማው ነበር?

ከሁሉ የሚልቀው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ሕፃኑ አድጎ መንግሥቱን በተረከበ ጊዜ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ በዚያም ቅስና ተቀበለ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ በቅዱስ አትናቴዎስ ፊት ቀረበ። የተሰበሰቡት ክርስቲያኖች እረኛ እንደሚያስፈልጋቸው ነግሮ፣ የሚገባው ሰው ተመርጦ በጵጵስና እንዲላክላቸው ለመነ። ሥልጣን፣ ሀብትና ዝና ያለው ሰው ሆኖ ሳለ «እኔው ላጥምቅ፣ እኔው ልቀድስ» አላለም። ቅዱስ አትናቴዎስም ከእርሱ የሚሻል እንደማይገኝ አይቶ እርሱኑ ሾሞ ላከው። ያልፈለገውን ሹመት ከቤተ ክርስቲያን እጅ ተቀበለ።

በዚህም ሁለት ስሕተቶችን እንድንሸሽ ያስተምረናል። አንደኛው «አልተሾምኩም» ብሎ ዝም ማለት ነው። ሁለተኛው ዝም አለማለትን ሰበብ አድርጎ ያልተሰጠንን ክህነት መንጠቅ ነው። ፍሬምናጦስ የምእመንን ድርሻ ሙሉ በሙሉ ፈጸመ፤ የካህንን ድርሻ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ለመነ። በትውፊታችን አብርሃ ተብሎ በሚጠራው በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ ቀድሞ የጨረቃ ምልክት ይታተምበት በነበረው የአክሱም ገንዘብ ላይ መስቀል ታተመ። የዚህ ፍሬ መነሻው ግን ሁለት ምርኮኛ ብላቴኖች ናቸው።

ዛሬስ የእኛ አክሱም የት ነው? በዩኒቨርሲቲ ላለን፣ ዶርማችን ነው። አብሮን የሚኖረው ወንድም ረቡዕና ዓርብ ለምን እንደምንጾም ሲጠይቀን፣ ወሬ ለውጠን እናልፋለን ወይስ በትሕትና እናስረዳዋለን? ለተስፋችን ምክንያት ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ ለመስጠት እንድንዘጋጅ ቅዱስ ጴጥሮስ አዝዞናል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። የማናውቀው ነገር ሲገጥመንም ከራሳችን ፈጥረን አንናገርም፤ ጠያቂውን ይዘን ወደ መምህራን እንሄዳለን። ከጉባኤ የራቀች እህት ካለች ደውለን እንጠይቃት፤ እሑድ ማለዳ አብረናት ወደ ቅዳሴ እንሂድ። በዐረብ ሀገር በሰው ቤት የምታገለግሉ እህቶቻችንም፣ ቃል መናገር በማይቻልበት ስፍራ ታማኝነታችሁና የስውር ጸሎታችሁ ምስክርነት ነው።

ከመካከላችን ማንም ሰው ከምርኮኛው ልጅ ያነሰ ዕድል የለውም። እንግዲህ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ የራቀ ሰው እናስብና እንፈልገው።

የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።