የርካሽ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ታሪክና የሚሸከመው ሥርዓት (ከ1981 እስከ 2025)

ሰው ለመጻፍ፣ ለማንበብ፣ መልእክት ለመላላክና ጥቂት ሒሳብ ለመሥራት የሚሆን ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ሊገዛ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ቀጥሎ ስለ ፍጥነቱና ስለ መልኩ ይጠይቃል። ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ይኸውም የመሣሪያውን አካል ስለሚያዝዘውና ሌሎቹን ፕሮግራሞች ስለሚያስተዳድረው ሥርዓት፣ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ ከዕቃው ጋር አብሮ የመጣ ነውና። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የአርባ አምስት ዓመት ያህሉን ታሪክ በመመልከት ይህ የጥያቄ ቅደም ተከተል የተገለበጠ መሆኑን ማሳየት ነው። የርካሽ ኮምፒዩተርን ዕድሜ ብዙ ጊዜ የወሰነው የአካሉ ጥንካሬ ሳይሆን የተጫነበት ሥርዓት ክብደት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች

በገበያ ቀንቶት በብዛት የተሸጠው የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር በ1981 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ኦስቦርን 1 ነው። ክብደቱ 11 ኪሎ ያህል፣ የመስኮቱም ስፋት 5 ኢንች ብቻ ነበር። በዚህ ላይ ባትሪ አልነበረውምና ተንቀሳቃሽ የተባለው እጀታ ስላለው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዋጋው 1,795 ዶላር ሲሆን፣ ሲፒኤም የተባለው ትንሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የመጻፊያው ፕሮግራም ወርድስታርና የሒሳቡ ፕሮግራም ሱፐርካልክ በዚያው ዋጋ ውስጥ ይጠቃለሉ ነበር። አዳም ኦስቦርን የመሣሪያውና የፕሮግራሙ ዋጋ ተለያይቶ ሊታይ እንደማይገባ አስቀድሞ የተረዳ ነጋዴ ነበር። ኩባንያው በ1983 ቢከስርም ይህ አሳቡ አልከሰረም።

በዚያው በ1983 በጃፓኑ የኪዮሴራ ኩባንያ ተሠርቶ በአሜሪካ በታንዲ ኩባንያ ስም የተሸጠው ሞዴል 100 ከዚህ እጅግ የቀለለ ነበር። አነስተኛው ዐይነት 1,099 ዶላር ያወጣ ነበር። መስኮቱ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው 8 መስመር፣ በየመስመሩም 40 ፊደል ብቻ ነው። ዳሩ ግን በአራት ተራ የድንጋይ ባትሪ 20 ሰዓት ያህል ይሠራ ነበር። ሥርዓቱ ሁሉ በ32 ኪሎባይት ቋሚ ማኅደር ውስጥ የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ ቁልፉ እንደ ተጫነ ያለ ምንም መዘግየት ለሥራ ዝግጁ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጋዜጠኞች ወደዱት። ለመጻፍ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ትንሽ ሥርዓት በቂ መሆኑን በሚገባ ያስመሰከረ መሣሪያ ነው።

የመቶ ዶላሩ አሳብና ያስከተለው

ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ላፕቶፕ ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይልቅ ውድ ዕቃ ሆኖ ቆየ። ይህን ልማድ የነቀነቀው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 ለድሃ አገር ሕፃናት በ100 ዶላር ላፕቶፕ አቀርባለሁ ብሎ መነሣቱ ነው። ኤክስኦ የተባለው መሣሪያ በ2007 መጨረሻ በብዛት መመረት ሲጀምር ዋጋው ወደ 200 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ዋጋው ከታሰበው በላይ ቢሆንም አሠራሩ ሊጠና የሚገባው ነው። ማኅደረ ትውስታው 256 ሜጋባይት፣ ማከማቻው 1 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ይህን ያህል ትንሽ አካል ሥራ ሊያከናውን የቻለው፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ በጀመረውና ያለ ዋጋ በሚሰራጨው በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ስለ ተጫነበት ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች ጥቂት ሺህ የሚሆኑት ወደ አገራችንም ገብተው ለተማሪዎች ታድለዋል፤ የግዕዝ ፊደል የተጻፈበት ኪቦርድም ተዘጋጅቶላቸው ነበር።

በዚያው በ2007 የታይዋኑ አሱስ ኩባንያ ኢፒሲ 701 የተባለውን ትንሽ ላፕቶፕ አወጣ። መስኮቱ 7 ኢንች፣ ማኅደረ ትውስታው 512 ሜጋባይት፣ ማከማቻው 4 ጊጋባይት፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች ሲሆን፣ በአሜሪካ ገበያ በ399 ዶላር ተሸጠ። እሱም ሊኑክስ ተጭኖበት ነበር። ኔትቡክ የተባለው የዕቃ ዐይነት በዚህ ተጀመረ።

ማይክሮሶፍት በዚህ ጊዜ ከባድ ችግር ገጠመው። በ2007 መጀመሪያ ለሕዝብ ያቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ 15 ጊጋባይት ባዶ ማከማቻ የሚጠይቅ ስለ ነበረ፣ 4 ጊጋባይት ባለው መሣሪያ ላይ ሊጫን አይችልም። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን 1.5 ጊጋባይት ይበቃው ነበር። ስለዚህ ኩባንያው በ2008 አጋማሽ ከገበያ ሊያነሣው የነበረውን ኤክስፒን፣ ለርካሽ ኮምፒዩተሮች ብቻ እስከ 2010 እንዲቆይ ወሰነ። አንድ ትልቅ ኩባንያ አዲሱን ትቶ አሮጌ ዕቃውን እንዲሸጥ ያስገደደው የርካሹ መሣሪያ ጥበት ነበር ማለት ነው።

ሊኑክስ ስለ ምን ተሸነፈ?

ቀላልነት ብቻ ቢበቃ ኖሮ የኔትቡክ ገበያ የሊኑክስ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም። ማይክሮሶፍት በ2009 ባወጣው መግለጫ፣ በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ በአሜሪካ ከተሸጡት ኔትቡኮች 96 በመቶ የሚሆኑት ዊንዶውስ የተጫነባቸው ነበሩ። ከዚያ በፊት በ2008 የኤምኤስአይ ኩባንያ ኀላፊ፣ ሊኑክስ ያለባቸው መሣሪያዎች ተገዝተው የሚመለሱት ከሌሎቹ አራት እጥፍ መሆኑን ተናግረው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገዢው ዋጋውን እንጂ ሥርዓቱን አይቶ አልገዛም፤ ቤቱ ሲገባ የለመደውን ፕሮግራም አጣ።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ነጥብ አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዊንዶውስ ግን ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፊደል ይዞ የወጣው በቪስታ ጊዜ ነው። ኤክስፒ ያለበትን ርካሽ ኔትቡክ የገዛ ሰው አማርኛ ለማንበብ ፊደሉን ከሌላ ቦታ አምጥቶ መጫን ነበረበት። ስለዚህ ክብደት ሁሉ ከንቱ፣ ቀላልነትም ሁሉ በረከት ነው ማለት አይቻልም።

ከኔትቡክ ወዲህ

በ2010 አይፓድ ከወጣ በኋላ ኔትቡክ እየተዳከመ ሄዶ በ2013 አሱስ የኢፒሲን ሥራ አቆመ። በ2011 የወጣው ክሮምቡክ በበኩሉ ሥራውን ሁሉ በኢንተርኔት ማሰሻ ላይ በመጣል የሥርዓቱን ክብደት ቀነሰ። ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ሥራ ውሱን ነው፤ እያንዳንዱም መሣሪያ የጥገናው ዘመን የሚያበቃበት የተወሰነ ቀን አለው። በ2014 ኤችፒ በ200 ዶላር ያህል የሸጠው ስትሪም 11 ደግሞ 32 ጊጋባይት ማከማቻና ዊንዶውስ 8.1 ነበረው። ሲገዛ ደኅና የነበረ መሣሪያ፣ በኋላ የመጡት የዊንዶውስ 10 ማሻሻያዎች ሰፊ ቦታ ሲጠይቁ ማከማቻው ጠበበው። አካሉ ሳይሰበር ሥርዓቱ አደገበት።

የዚህ ታሪክ የመጨረሻው ምዕራፍ ለብዙ ተማሪ ቅርብ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ይህን የማያሟላ ላፕቶፕ ዛሬም ይጽፋል፣ ያነብባል፣ ይቈጥራል፤ ነገር ግን የደኅንነት ጥገናው ሲቋረጥበት ለሌባ በሩ ክፍት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ያለው ምርጫ ወይ አዲስ መግዛት፣ ወይ ሊኑክስን መጫን ነው። የሚሠራውን ዕቃ ሳይመረምሩ ጥሎ አዲስ ለመግዛት ገንዘብ መበደር፣ አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉትን መሆኑ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ የምንረዳው የጥያቄው ቅደም ተከተል መለወጥ እንዳለበት ነው። አስቀድሞ የሚጠየቀው ሥራው ነው፤ ሁለተኛ ያን ሥራ የሚችለው ሥርዓት፤ ሦስተኛ ያን ሥርዓት ለብዙ ዓመት ሊሸከም የሚችለው አካል፤ ዋጋው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ሥራው መጻፍና ማንበብ ብቻ ከሆነ፣ 4 ጊጋባይት ያለው ደኅና ያገለገለ ላፕቶፕ ቀላል ከሆነ የሊኑክስ ዐይነት ጋር ይበቃል። ትምህርቱ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም የሚጠይቅ ከሆነ ግን፣ ሥርዓቱ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን ሁለት እጥፍ ያለውን መሣሪያ መፈለግ ይገባል፤ ዝቅተኛው መጠን ለዛሬ እንጂ ለነገ አይሆንምና። ክሮምቡክ የሚያስብም ሰው ኢንተርኔቱ አስተማማኝ መሆኑንና የመሣሪያው የጥገና ዘመን መቼ እንደሚያበቃ አስቀድሞ ይመርምር።

ሞዴል 100 በ32 ኪሎባይት የጋዜጠኛን ሥራ ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ የአብዛኛው ሰው ተራ ሥራ ብዙም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሥርዓቱ ሸክም ነው። ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ገዢ ያን ሸክም ለመምረጥ መብት እንዳለው ቢያውቅ፣ ከማንኛውም የዋጋ ቅናሽ ይልቅ ይጠቅመዋል።