ለብርድ ሲባል ተራራ የወጣ መንግሥት

እኛ አዲስ አበቤዎች ቀዝቃዛ አየር በነጻ ስለምናገኝ ዋጋው ብዙም አይገባንም። ለዚህች ብርድ ሲል አንድ መንግሥት ከነመዝገቡ፣ ከነጸሐፊው፣ ከነቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ በየዓመቱ ተራራ ይወጣ ነበር ብላችሁስ? ቀልድ አይደለም! አገሩ ህንድ፣ ከተማዋ ሲምላ፣ መንግሥቱ ደግሞ የእንግሊዝ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሲምላ በሂማላያ ተራሮች ላይ፣ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባችን ትንሽ ዝቅ ብላ ማለት ነው። የህንድ ሜዳ በግንቦትና በሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲግል እንግሊዞቹ መቀመጫ ያጡ ነበር። በ1864 እንደራሴው ጆን ሎውረንስ ሲምላን የበጋ መናገሻ አደረጋት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከካልካታ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው እዚያ ይከርሙ ጀመር።

ደስታቸው ሲያዩት ቀላል ነው። ጠዋት በጥድ ጥላ ሥር በእግር መንሸራሸር፣ በረዶ የለበሱትን ተራሮች ከሩቅ ማየት፣ ማታ ብርድ ልብስ ደርቦ ጥሩ እንቅልፍ መተኛት። ከ1887 ጀምሮ ደግሞ ቴአትር ቤትም ነበራቸው። ከዚህ ወዲያ ምን ያስፈልጋል?

ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ያ ሁሉ ጓዝ ተራራውን በምን ወጣ? ባቡር ሲምላ የደረሰው በ1903 ነው፤ ከካልካ ተነስቶ 96 ኪሎ ሜትር፣ ከመቶ በላይ ዋሻ አቋርጦ። ከዚያ በፊት ዕቃው የሚወጣው በበሬ ጋሪ፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ነበር። የአካባቢው ገበሬ እርሻውን ጥሎ የሹማምንቱን ጭነት እንዲሸከም ይገደድ ነበር። እነሱ «በጋር» ይሉታል፤ የገባርን ታሪክ ለሚያውቅ ለእኛ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በከተማዋ ውስጥም ሠረገላ የተፈቀደው ለሦስት ሰው ብቻ ነው፤ ለእንደራሴው፣ ለጦር አዛዡና ለፑንጃብ ገዢ። ሌላው ሹም በእግሩ ወይ በፈረስ ካልሄደ ሰው በሚጎትተው ሪክሾ ነው የሚሄደው። ዳገቱን እያለከለከ የሚጎትተው ህንዳዊ ለዕረፍት አልመጣም!

ኋላ ግን ገበሬዎቹ እምቢ አሉ። ከጎናቸው የቆመው ሳሙኤል ስቶክስ ከአሜሪካ መጥቶ በዚያው ተራራ ላይ የከተመ፣ ፖም የሚተክል ሰው ነበር። በ1921 በአካባቢያቸው በጋር እንዲቀር አደረጉ።

በ1888 የተጠናቀቀው የእንደራሴው ቤተ መንግሥትም ዕጣው ተለወጠ። ህንድ በ1947 ነጻ ወጣች፤ ግቢው ከ1965 ጀምሮ የምርምር ተቋም ሆነ። ዛሬ ተራው ሰው ትኬት ቆርጦ ይጎበኘዋል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የተራራ ደስታ ድሮም ርካሽ ነው። ንፋሱ አይሸጥም፣ ጥላው አይከራይም። ያስወደደው ሰዎቹ ሜዳ ላይ የለመዱትን ኑሮ በሙሉ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ጭነው መውጣታቸው ነው። በዚህ ክረምት እንጦጦ የምትወጡ ከሆነ ጋቢያችሁን ራሳችሁ ያዙ። ክረምቱ አልፎ ሰሜን ተራሮች ከሄዳችሁ ደግሞ ጓዛችሁን የሚያደርስላችሁን ባለ በቅሎ ዋጋውን አትከራከሩት። ዕረፍት የሚባለው ማንንም ሳያደክም ሲያሳርፍ ነው።

ቸር ይግጠመን!