መድኃኒቱ የሚያመጣው ረሃብ

በካምፕ ውስጥ አንድ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት ሲያቋርጥ ወሬው ቶሎ ይዛመታል። "እምቢተኛ ነው"፣ "ሕመሙ ተነሣበት"፣ "ቤተሰቡ አልተከታተለውም" ይባላል። "ክኒኑን በዋጠ ቁጥር ይርበዋል፤ የሚበላው ደግሞ የለውም" ሲባል ግን ብዙም አንሰማም። በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ የዚህን ረሃብ ታሪክ ነው። የምግብ ፍላጎት የሚጨምሩ መድኃኒቶች መቼ መጡ? ሐኪሞችስ ይህን ጠባያቸውን በምን ዓይን አዩት? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኮርቲዞን እንጀምር። በሴፕቴምበር 1948 በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ በማዮ ክሊኒክ፣ ፊሊፕ ሄንች የተባለው ሐኪም መገጣጠሚያዋ በሕመም ተይዞ አልጋ ላይ መገላበጥ እንኳ ላቃታት አንዲት የ29 ዓመት ሴት አዲስ መርፌ መስጠት ጀመረ። መድኃኒቱን ያገኘው የሥራ ባልደረባው ኬሚስቱ ኤድዋርድ ኬንዳል ነበር። ሴትዮዋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች፤ ገበያም ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል ላይ በ14 ሕሙማን የታየው ውጤት ለሐኪሞች ቀረበ። በ1950 ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ከስዊዘርላንዱ ታዴዎስ ራይሽታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በሕሙማን ላይ ከተሞከረ ሁለት ዓመት ብቻ በሆነው ነገር እንዲህ ያለ ሽልማት መስጠት የተለመደ አይደለም።

ደስታው ግን ብቻውን አልመጣም። መድኃኒቱን የሚወስዱት ሰዎች የምግብ ፍላጎታቸው ጨመረ፤ ፊታቸው እንደ ጨረቃ ክብ ሆነ፤ እንቅልፍ የሚነሣቸው፣ ጠባያቸው የሚለዋወጥ፣ ስኳር የሚይዛቸውም ነበሩ። በ1955 ገበያ ላይ የዋሉት ፕሬድኒዞንና ፕሬድኒዞሎን የዚያው ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ በሥጋ ደዌ ሕክምና መካከል ለሚነሣው የነርቭ መቆጣትም ይሰጣሉ። ፕሬድኒዞሎን የወሰደ ሰው "ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ ከድስቱ ሥር ጠፍቼ አላውቅም" ቢላችሁ ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

ሁለተኛው መንገድ በፓሪስ በኩል ነው። ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በ1950 መጨረሻ ላይ በፈረንሳይ ተሠራ። በ1952 ዣን ደሌና ፒየር ዴኒከር በሳንት አን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን መስጠት ጀመሩ። እኛ አካባቢ ብዙ ሰው ላርጋክቲል ብሎ የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚያ በፊት በየሆስፒታሉ በእስራትና በተዘጋ በር ይያዙ የነበሩ ሰዎች ተረጋግተው መነጋገር ቻሉ። በዚያው ልክ ወፈሩ። ታዲያ በ1950ዎቹ ከነበሩት ሐኪሞች አንዳንዶቹ ውፍረቱን የመዳን ምልክት አድርገው ነበር የቆጠሩት። በዚህ ልንፈርድባቸው አይገባም፤ እኛስ የታመመ ሰው ሲያገግም "ወዙ ተመለሰ፣ ፊቱ ሞላ" እያልን አይደል የምንደሰተው? ነገር ግን ሰውነት ተሽሎት መብላትና መድኃኒት ገፍቶት መብላት የተለያዩ ናቸው።

ልዩነቱን ለማስረዳት ጥቂት ሳይንስ እንጨምር። አንጎላችን ውስጥ ረሃብንና ጥጋብን የሚያመዛዝን ትንሽ ክፍል አለ። ሂስታሚን የተባለው ንጥረ ነገር እዚያ ደርሶ "በቃ፣ ጠግበናል" ከሚሉት መልእክተኞች አንዱ ነው። ክሎርፕሮማዚን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ኦላንዛፒን፣ ክሎዛፒን የመሳሰሉት መልእክቱ የሚገባበትን በር ይዘጋሉ። ሰውየው በልቶም የጥጋቡ ወሬ አይደርሰውም። ሆዳም ስለሆነ አይደለም፤ ራሱን መግዛት ስላልቻለም አይደለም።

ይህ ጠባይ ለንግድም ውሏል። ሳይፕሮሄፕታዲን የተባለው የአለርጂ ክኒን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲወጣ አስም ያለባቸው ሕፃናት ሲወስዱት እንደሚበሉና ክብደት እንደሚጨምሩ በ1962 በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ታተመ። የአንዱ የጎንዮሽ ጉዳት ለሌላው ሸቀጥ ሆነ። ዛሬ በኪንሻሳም ሆነ በሱዳን ገበያዎች ይህ ክኒንና የኮርቲዞን ዘመድ የሆነው ዴክሳሜታዞን ለማወፈሪያ እየተባሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣሉ። እግረ መንገዳችንን ተማሪዎቻችንን፣ በተለይም ልጃገረዶችን እንመክራለን፦ ያ ውፍረት አብዛኛው ውኃና ስብ ነው። ዴክሳሜታዞንን ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ማቆም ደግሞ ሕይወት ያሰጋል።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአውሮፓና በአሜሪካ ስለነዚህ መድኃኒቶች ብዙ ተጽፏል። የሚጻፈው ግን በኪሎ ነበር፤ ስንት ኪሎ ጨመረ፣ ቀበቶው ስንት ቀዳዳ ሰፋ። በ2004 የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበርና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆነው አዳዲሶቹን የአእምሮ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ክብደቱ፣ የወገቡ ስፋት፣ የደም ግፊቱና ስኳሩ እየተለካ እንዲከታተሉት አሳሰቡ። ጥሩና አስፈላጊ ምክር ነው። ግን ምክሩ ሲጻፍ በሐሳብ የነበረው ሰው ጓዳው ሙሉ የሆነ ሰው ነው። ለዚያ ሰው ችግሩ አብዝቶ መብላቱ ነው። ጓዳው ባዶ ለሆነውስ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡት አንዱ የራሳችን አገር ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ቡታጅራ ለብዙ ዓመታት የአእምሮ ጤና ጥናት ሲካሄድባት ቆይታለች። በዚያ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለምን መድኃኒት እንደሚያቋርጡ ሕሙማኑን፣ አስታማሚዎቻቸውንና የጤና ባለሙያዎችን ጠየቁ። ውጤቱ በ2013 ታተመ። በሌላው ዓለም የሚነገሩት ምክንያቶች እዚህም ተነግረዋል፤ ድኛለሁ ማለት፣ የጎንዮሽ ጉዳት፣ የቤተሰብ ድጋፍ ማነስ። ጎልቶ የወጣው ግን የምግብ ነገር ነው። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎታቸውን ይከፍታል፣ የሚበላ ግን በቤት የለም። መድኃኒቱን መተው ረሃቡን ማስታገሻ ሆነ።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ያ ገበሬ ወይም ያቺ እናት ሒሳብ ሠርተዋል። ክኒኑን ከወሰድኩ የልጆቼን ድርሻ እበላለሁ፤ ካልወሰድኩ ሕመሙ ይመለሳል። ከቡታጅራ ጎን ባለችው ሶዶ ወረዳ በኋላ የተደረገው ጥናትም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የሚኖርበት ቤት ከጎረቤቶቹ ይበልጥ የምግብ እጥረት እንዳለበት አሳይቷል። ስለዚህ "እምቢተኛ" የሚለውን ቃል እኛ ብንተወው ይሻላል። ምናልባት ሰውየው ያቋረጠው ለልጆቹ ብሎ ሊሆን ይችላል።

በኤች አይ ቪ ሕክምናም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ ምክንያቱ ግን ትንሽ ይለያል። እዚያ በአብዛኛው ረሃቡን የሚያመጣው ከበሽታው ያገገመው ሰውነት ነው፤ የከሳውን ሊሞላ ይጠይቃል። በቲቢ ሕክምናም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው በ2005 ሲሆን፣ በ2007 በቦትስዋና፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ስለተደረገ ጥናት የወጣ ጽሑፍ ረሃብን፣ ወረፋንና የመጓጓዣ ወጪን አንድ ላይ አስቀምጦ ሕሙማንን ከሕክምና የሚያርቁ እነዚህ ናቸው ብሏል። በምዕራብ ኬንያ፣ በኤልዶሬት፣ አምፓዝ የተባለው ፕሮግራም ይህን ቀደም ብሎ ነበር የተረዳው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የራሱን እርሻ አቋቁሞ ምግብን እንደ መድኃኒት በማዘዣ ለሕሙማኑ ማደል ጀመረ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኛን በጣም የማረከን ይህ ነው፤ ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ ክኒኑን ጽፎ ከሥሩ ምግብ ይጽፋል።

ወደ ካምፕ ስንመጣ፣ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ የሚለው የራሽን መለኪያ የታሰበው ለመካከለኛ ሰው ነው፤ ላርጋክቲል ወይም ፕሬድኒዞሎን የሚወስደውን ለይቶ አያውቅም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በገንዘብ እጦት ራሽኑ በብዙ አገር ካምፖች ተደጋግሞ ተቀንሷል። የጤና ጣቢያው ካርድም ክብደት የሚጻፍበት ቦታ አለው እንጂ ረሃብ የሚጻፍበት የለውም። ስለዚህ በአፍ መናገር ያስፈልጋል። "መድኃኒቱ እያስራበኝ ነው" ማለት ነውር አይደለም። ባለሙያው ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። እንቅልፍ የሚያመጣውን መድኃኒት ማታ እንዲወሰድ ቢያደርግ ረሃቡ ከፊሉ በእንቅልፍ ያልፋል። ሃሎፔሪዶል ከክሎርፕሮማዚን ያነሰ ስለሚያስርብ መቀየር ይቻል እንደሆነ ሊያይ ይችላል፤ መጠኑንም ሊመረምር ይችላል። ፕሬድኒዞሎን ከሆነ ጧት ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ለስንት ቀን እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ሲያልቅ የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል፣ ማለቂያውን ማወቅም ያጽናናል። ግን ከሁለት ሳምንት በላይ የተወሰደን ያለ ባለሙያ ምክር ድንገት ማቆም አይገባም፤ የአእምሮ መድኃኒትንም እንዲሁ። ብዙ ውኃ የሚያስጠማና ሽንት የሚያመላልስ ከሆነ ስኳር መለካት አለበት።

በቤት በኩል፣ አንዴ ብዙ ከመብላት ያንኑ ድርሻ ከፋፍሎ ብዙ ጊዜ መብላት ይረዳል። ምስር፣ ክክና ባቄላ ከነጭ ዱቄት ገንፎ ይልቅ ሆድ ውስጥ ይቆያሉ። ስኳር የበዛበት ሻይ ለጊዜው ያታልላል እንጂ አያቆይም። ማሽላው ወይም ስንዴው ሁሉ ከሚፈጭ ጥቂቱ ንፍሮ ወይም ቆሎ ቢሆን ማኘኩ ራሱ ሆድን ያረጋጋል።

መምህራንም የምታደርጉት አለ። ከተማሪዎቻችሁ መካከል ለሚጥል በሽታ፣ ለአስም ወይም ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ አይጠፉም፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሆኑት ቫልፕሮት የምግብ ፍላጎት ይጨምራል። እንዲህ ያለ ልጅ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ቢቆረጥም ደንብ ጣሰ ብላችሁ አታስወጡት። ለምን እንደሚበላም በክፍሉ ፊት አትጠይቁት፤ ከክፍል በኋላ ለብቻው ጠይቁት።