ስለ ተክሌ አቋቋም

ክሪሽናማቻርያ የተባሉት ሕንዳዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1933 በማይሶር ከተማ ባቋቋሙት የዮጋ ቤት ሥጋን፣ እስትንፋስንና ኅሊናን አስማምተው ማስተማራቸውን፣ ደቀ መዛሙርታቸውም ኋላ በየስልታቸው መለያየታቸውን የሚሰማ ኢትዮጵያዊ፣ የትም ይቀመጥ፣ ግቡ ምስጋና የሆነውን የራሱን ሊቃውንት የዜማና የንቅናቄ ሥርዓት፣ አቋቋምን፣ ሊያስብ ይገባዋል።

በጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት ስልቶች ጸንተው ሳሉ፣ በሊቃውንት ዘንድ እንደሚተረከው፣ አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ማዕበልና በዳርቻው የሚወዛወዘውን ደንገል አስተውለው፣ አካል ከመቋሚያው፣ ከዘማሪው በትር፣ ጋር ወደ ግራና ወደ ቀኝ በለሆሳስ የሚያዘነብልበትን አዲስ ዝማሜ ደረሱ። እኒህ ታላቅ ሊቅ በሕዝብ ዘንድ በቀልዳቸው ብቻ መታወሳቸው እጅግ ያሳዝነኛል። የጎንደር ካህናት ስልቱን ባይቀበሉትም፣ ልጃቸው አለቃ ተክሌ በደብረ ታቦር ወንበር ዘርግተው ስላስተማሩትና ስላስፋፉት በስማቸው ተክሌ ተባለ።

የማስተማሩ ጥበብ በትዕግሥት ላይ የቆመ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ አስቀድሞ ቃሉንና ዜማውን በልቡ ያጸናል፣ በቁም ዜማ ድምፁን ያቀናል፣ ከዚያም በዝማሜ መቋሚያውን እያንዳንዱ ቃል በሚጠይቀው መጠን ያነሣል፣ ያወርዳል፤ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይጨመራሉ፣ በጽፋትም ምቱ እየፈጠነ ጭብጨባ ይከተላል። መሪጌታውም እግሩ ከዜማው የቀደመውን ተማሪ ወደ ቃሉ ይመልሰዋል፤ ኅሊናው ከምስጋናው የተለየ ዘማሪ፣ ንቅናቄው ቢያምርም፣ ገና አልቆመምና።