ምሥጢረ ሜሮን በላቲን ቤተ ክርስቲያን፤ ከጥምቀት የተለየበት ምክንያትና የተሰጠው ትርጕም

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ ቄሱ ወዲያው ቅብዐ ሜሮን ይቀባቸዋል፤ በዚያውም ዕለት ይቈርባሉ። የላቲንን ሥርዓት በሚከተለው ካቶሊካዊ ዘንድ ግን ሕፃኑ በቄስ እጅ ተጠምቆ ሜሮኑን የሚቀበለው ከብዙ ዓመት በኋላ፥ እንደ ደንቡም ከጳጳስ እጅ ነው። ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሃይማኖት ልዩነት ተደርጎ ይቈጠራል። የታሪኩ መንገድ ግን ልማዱ እንደ ቀደመና ትርጓሜው እንደ ተከተለ ያሳያል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ ያጠመቃቸው የሰማርያ ሰዎች መንፈስ ቅዱስን የተቀበሉት ጴጥሮስና ዮሐንስ እጃቸውን ሲጭኑባቸው ነው። ይሁን እንጂ በጥንቱ ዘመን ጥምቀቱና ቅብዐቱ በአንድ ሌሊት፥ በፋሲካ ዋዜማ፥ ጳጳሱ ባለበት ይፈጸሙ ነበር። ክርስትና ወደ ገጠር ሲሰፋ ጳጳሱ በየመንደሩ ሊገኝ አልቻለም። ምሥራቃውያን ጳጳሱ በባረከው ሜሮን ቄሱ እንዲቀባ ፈቅደው የምሥጢራቱን አንድነት ጠበቁ፤ ሮማ ደግሞ የጳጳሱን እጅ ጠብቃ ጊዜውን አራዘመች። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ቀዳማዊ ኢኖሴንት እ.ኤ.አ. በ416 ለጉቢዮ ጳጳስ ለዴኬንትዮስ በጻፈው ደብዳቤ ግንባርን በሜሮን ማተም የጳጳሳት ብቻ ሥራ መሆኑን ወስኗል።

ጊዜው ሲራራቅ አንድ ጥያቄ መነሣቱ የማይቀር ነበር፤ በጥምቀት ያልተሰጠ ምን ይሰጣል? በላቲን ቋንቋ የምሥጢሩ ስም «ማጽናት» ማለት ነው፤ መልሱም ከስሙ ተቀዳ። ቶማስ ዘአኲኖ (በ1274 ያረፈ) ጥምቀትን ከልደት፥ ሜሮንን ሙሉ ሰው ከመሆን ጋር አነጻጸረ፤ የተቀባው ሰው ሃይማኖቱን በሰው ፊት ለመመስከርና ስለ እርሷም ለመጋደል ኀይል ያገኛል። የተቀባውን ጕንጩን በቀስታ የመምታት ልማድም በ13ኛው መቶ ዓመት ገባ። የውጊያው ምሳሌ ግን የላቲኖች ብቻ አይደለም፤ በቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም ስም በሚታወቁት ትምህርቶችም ይገኛል። ልዩነቱ በዚያ ተዋጊው በዚያው ሌሊት ከውኃው የወጣ አዲስ ክርስቲያን መሆኑ ነው። በካቶሊካዊው ትምህርት ምሥጢሩ የጥምቀትን ጸጋ ይጨምራል፤ ሰባቱን የመንፈስ ቅዱስ ሀብታት ያበዛል፤ በነፍስም ላይ የማይፋቅ ማኅተም ያትማል። ስለዚህ እንደ ጥምቀት ሁሉ አይደገምም።

የዚህ የመጨረሻው ነጥብ ክብደት በኢትዮጵያ ታሪክ ታይቷል። በፍሎረንስ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1439 ለአርመኖች የተጻፈው ውሳኔ የምሥጢሩ ተራ አገልጋይ ጳጳስ እንደ ሆነ ሲናገር፥ በሮማ ፈቃድና ጳጳስ በባረከው ሜሮን ቄስም ሊቀባ እንደሚችል አልካደም። በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት በዚያው ጉባኤ ተገኝተዋል። በ1626 ዐፄ ሱስንዮስ ለሮማ መታዘዛቸውን ካሳወቁ በኋላ ግን ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ «ምናልባት አልተጠመቀ እንደ ሆነ» በሚል ቅድመ ሁኔታ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ ገና እንዲሾሙ አዘዘ። ቅድመ ሁኔታው ለሊቃውንቱ ማስተባበያ ይሆን ይሆናል፤ በሕፃንነቱ ተጠምቆ በሜሮን ለታተመው ገበሬ ግን ትርጕሙ ማኅተሙ ከንቱ ነው ማለት ነበር። ማኅተም አይደገምም የሚለውን ትምህርት የያዙት ሰዎች ይህን አለማየታቸው ያስገርማል። በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ።

በላቲኖችም ዘንድ ቅደም ተከተሉ ጸንቶ አልቈየም። ፒዮስ 10ኛ በ1910 ሕፃናት በ7 ዓመት ገደማ እንዲቈርቡ ስላዘዘ በብዙ አገር ቍርባን ሜሮንን ቀደመ። ጳውሎስ 6ኛ በ1971 ቃለ ቅብዐቱን ከቢዛንታውያን ሥርዓት ወሰደ፤ ያ የጕንጭ ምትም ከሥርዓቱ ወጣ። ለምሥራቃውያን ካቶሊካውያን የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964፥ ሕገ ቀኖናውም በ1990 የጥንቱን ልማድ አጸኑ። ስለዚህ የግእዝን ሥርዓት በሚከተለው በዓዲግራት ሀገረ ስብከት የተወለደ ሕፃን ከጥምቀቱ ጋር በቄስ እጅ ሲቀባ፥ የላቲን ሥርዓት ባለበት በሶዶ የተወለደው ሌላው ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ አድጎና ተምሮ የጳጳሱን መምጣት ይጠብቃል።