የብሩስ ቁጥር እንጅባራ ላይ ሲያርፍ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። መሣሪያዎቹን ተክሎ ሰማዩን ለካ፤ የዓባይን ምንጭ አቀማመጥም 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ሰሜን፣ 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ምሥራቅ ብሎ በመጽሐፉ አሰፈረ። ዛሬ እነዚህን ቁጥሮች በስልኩ ካርታ ላይ የሚፈልግ ሰው ግን ምንጩ ያለበት ሰከላ አይደርስም። ነጥቡ የሚያርፈው ከምንጩ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ርቆ፣ አዊ ውስጥ፣ እንጅባራ አጠገብ ነው።

ብሩስን በዚህ መውቀስ አይገባም። የኬክሮስ ልኬቱ ዛሬ ከሚታወቀው የሚለየው እጅግ በጥቂቱ ነው። ያስቸገረው ኬንትሮሱ ነበር። በዚያ ዘመን ኬንትሮስን ለማወቅ የሁለት ሩቅ ቦታዎችን ሰዓት ማነጻጸር ያስፈልግ ነበር፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ የአንድ ደቂቃ የሰዓት ስህተት ካርታው ላይ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ያዛንፋል። ድንኳን ውስጥ የሚያድር መንገደኛ ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳይርቅ መለካቱ የሚያስደንቅ ነው። ሊወቀስ የሚገባው በሌላ ነገር ነው፤ ከእሱ 152 ዓመት ቀድሞ፣ በ1618፣ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር እዚያው ምንጭ የደረሰውን ፔድሮ ፓኤዝን አላየም ብሎ መካዱ።

አሁን የብሩስ ካርታዎች፣ ከእሱ በፊት በ1683 የታተመው የሂዮብ ሉዶልፍ ካርታ፣ ከእሱም በኋላ አንቷን ዳባዲ ከተራራ ተራራ አንግል እየለካ ያዘጋጃቸው ሥራዎች በዲጂታል ቅጂ ይገኛሉ። የድሮ ካርታን ከዛሬው ምድር ጋር እያነጻጸሩ የጥንት ቦታን መፈለግ ቀድሞ ፓሪስ ወይም ለንደን ድረስ መሄድን ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ሥራው ዳንግላ ቁጭ ብሎ ሊጀመር ይችላል።

በእንግሊዝ የጥንት ቦታዎችን በካርታ የማስፈርና የመፈለግ ልማድ የቆየ ነው። ጆን ስፒድ በ1611 ገደማ ባሳተማቸው የአውራጃ ካርታዎች ውስጥ የዊልትሻየሩ ላይ የስቶንሄንጅ ድንጋዮች ተሥለው ይታያሉ። በ1920 የእንግሊዝ ካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው የአርኪዮሎጂ ሹም የሆነው ኦ. ጂ. ኤስ. ክሮፎርድ ደግሞ የጥንት ቦታዎችን ከካርታና ከአየር ፎቶግራፍ መፈለግን እንደ ሙያ አቆመው። ይኸው ሰው በሕይወቱ መጨረሻ ፊቱን ወደ ኢትዮጵያ አዞረ። አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ቬኔሲያዊ ከ1519 እስከ 1524 ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቃል የጻፋቸውን የጉዞ መስመሮች፣ የትኛው ቦታ ከየትኛው ስንት ቀን እንደሚያስኬድ፣ በካርታ ላይ ሊከተላቸው ሞከረ። መጽሐፉ የታተመው በ1958፣ እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ትልቁ ነገር የእውቀቱ ምንጭ ነው። እግራቸው ሀገሩን የረገጠው፣ የቀኑን መንገድ የቆጠሩት የራሳችን መነኮሳት ናቸው።

የጥንት ቦታን ከድሮ ካርታ መፈለግ ፍሬ እንዳለው ባራራ ታሳያለች። ይህች የነገሥታት ከተማ በ1450 ገደማ በተሠራው የፍራ ማውሮ ካርታ ላይ ተጽፋለች፤ በአሕመድ ኢብራሂም ዘመቻ ከጠፋች በኋላ ቦታዋ ተረሳ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትቪግ ብሬተርኒትስ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ካርታውንና የጽሑፍ ምስክሮችን አገናኝተው በዝቋላና በመናገሻ መካከል ፈለጓት።

ለአዊ ደግሞ ሌላ ሰው አለ። ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ የተቀመጠ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር። ከዚያ እየተነሣ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ ለካ፤ የደሴቶቹን ገዳማት ጎበኘ፤ የሥራውንም ውጤት ከነካርታው በ1936 በመጽሐፍ አወጣ። ከብሩስ ካርታ ይልቅ የእሱን ካርታ ከሳተላይት ምስል ጋር ማነባበር፣ ማለትም አንዱን በሌላው ላይ መደረብ፣ ይቀላል።

ለማነባበር የማይንቀሳቀስ ምልክት ያስፈልጋል። የመንደር ስም ያሳስታል፤ እንጅባራ ራሷ ኮሶበር ትባላለች፤ ግሽም በብሩስ ፊደል ሌላ መልክ አለው። ዘንገናና ጥርባ ግን በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኙ ሐይቆች ስለሆኑ ስፍራቸውን አይለቁም። ከእነሱ ቀጥሎ የሚታመነው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሕንጻው ቢታደስም ታቦቱ ብዙ ጊዜ ከቦታው አይነሣም፤ ዙሪያውን የከበበው ደንም ከሰማይ እንደ ክብ አረንጓዴ ነጥብ ይታያል።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ገና ብዙ ሊሠራበት የሚገባ ሀብት አለ። ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎች በቀድሞው የካርታ ሥራ ድርጅት ውስጥ ተገኝተዋል። ከ8,000 በሚበልጡ ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ አንዱ ምስል ቀጥታ ወደ ታች፣ ሌሎቹ ወደ ጎን የተነሡ ናቸው። ለወረራ የተነሡት እነዚህ ምስሎች ተመራማሪዎች የመሬቱን ለውጥ እንዲያጠኑ አገልግለዋል፤ የጠፋ አጥር፣ የተተወ የገበያ መንገድ፣ የፈረሰ ቅጥርም ሊያሳዩ ይችላሉ። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊና የታሪክ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር የብሩስን፣ የዳባዲንና የቺዝማንን ካርታዎች በዘንገናና በጥርባ ላይ ቸክለው ቢያነባብሩ፣ ከዚያም አጠራጣሪ የሆነውን እያንዳንዱን ነጥብ ይዘው፣ የአገው አባቶችን መንገድ እየጠየቁ በእግራቸው ቢወርዱ፣ ሥራው በአንድ በጋ ሊጀመር የሚችል ነው።