የሴንት ፖል ሁለት ሕገ መንግሥቶች

ኢትዮጵያም አሜሪካም ፌዴራላዊ መንግሥታት ናቸው፤ ይህም ማለት ሥልጣን በማዕከሉና በክልሎች መካከል በሕገ መንግሥት ተከፍሏል ማለት ነው። በመጀመሪያ የሚለያዩት አስፈጻሚው አካል ከየት ይወጣል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ፓርላሜንታዊ ሥርዓትን በመምረጡ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል፤ ተጠሪነቱም ለዚያው ምክር ቤት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው መንትዮቹ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ የሚሠራበት የአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት ሥርዓት ግን አገረ ገዢውንና ሕግ አውጪዎቹን በሕዝብ ድምፅ ለየብቻ ያስመርጣል።

የሚኒሶታ ሕገ መንግሥት የተወለደው በጠብ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1857 ሕገ መንግሥት ለማርቀቅ ሴንት ፖል የተሰበሰቡት ሪፐብሊካኖችና ዴሞክራቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ለመቀመጥ ባለመፍቀዳቸው፣ ሁለት ጉባኤዎች በአንድ ከተማ ውስጥ ለየብቻ ሲመክሩ ከረሙ። ያጣላቸው የግዛቲቱ ድንበር አቀማመጥና የጥቁሮች የመምረጥ መብት ነበር። በመጨረሻ ከየወገኑ አምስት አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ የጋራ ረቂቅ አዘጋጀ፤ ይሁን እንጂ ከተቃራኒው ወገን ስም አጠገብ መፈረም እንደ ውርደት ስለተቆጠረ፣ ሪፐብሊካኖቹ በነጭ ወረቀት፣ ዴሞክራቶቹ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ወረቀት በተጻፉ ሁለት ቅጂዎች ላይ ፈረሙ። በጥድፊያ የተገለበጡት ቅጂዎች በሥርዓተ ነጥብና በቃላት ሦስት መቶ ያህል ልዩነቶች አሏቸው። የጥቁሮች የመምረጥ መብት በሰነዱ ሳይካተት ቀረ፤ ሪፐብሊካኖቹ ያተረፉት ሕገ መንግሥቱ በቀላሉ የሚሻሻልበትን ድንጋጌ ነበር፤ መብቱም በዚያው መንገድ፣ ሁለት ጊዜ በሕዝበ ውሳኔ ከወደቀ በኋላ፣ በ1868 ተረጋገጠ። ከድርድሩ ውጤቶች ሁሉ በላይ ሊታሰብ የሚገባው ይህ የማሻሻያ ድንጋጌ ነው።

ክፍፍሉ ከ168 ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመለሰ። በኖቬምበር 2024 ምርጫ 134 መቀመጫ ያለው የሚኒሶታ የተወካዮች ምክር ቤት 67 ለ67 እኩል ተከፈለ። አንድ የዴሞክራቶች መቀመጫ በፍርድ ቤት ውሳኔ በመጓደሉ፣ ሪፐብሊካኖቹ በጃንዋሪ 2025 በጊዜያዊ ብልጫቸው አፈ ጉባኤ መረጡ፤ ዴሞክራቶቹ ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ለስብሰባ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ የአባላት ቁጥር፣ እንዳይሟላ ከአዳራሹ ቀሩ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምልዓተ ጉባኤው 68 መሆኑን ሲወስን ጉዳዩ ዕልባት አገኘ፤ በፌብሩዋሪም ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ሥራ ጀመሩ። በእነዚያ ሳምንታት አገረ ገዢው ሥራውን አላቋረጠም፤ በፓርላሜንታዊ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ግን እንዲህ እኩል የተከፈለ ምክር ቤት መንግሥት የመመሥረቱን ጉዳይ ራሱን አጠራጣሪ ያደርገው ነበር።

ሁለተኛው ልዩነት እንዲህ ያለውን ሕገ መንግሥታዊ ክርክር ማን ይፈታል የሚለው ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን የተሰጠው ለፍርድ ቤት ሳይሆን የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች ለሚቀመጡበት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫ ሲራዘም ጉዳዩን ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የወሰነው ይኸው ምክር ቤት ነበር። ይህ አደረጃጀት ብሔሮች የሕገ መንግሥቱ ባለቤቶች ናቸው ከሚል አሳብ የመነጨ ቢሆንም፣ ፖለቲከኞች በራሳቸው ክርክር ላይ ዳኛ እንዲሆኑ በር ይከፍታል፤ በዚህ ረገድ ክርክሩን ለፍርድ ቤት የሚተወው የሴንት ፖሉ መንገድ የተሻለ ነው።